ድቃቂውን ለዘር ያልን እኛ ነን

ወንድሞቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው እንጂ ለልጆቹ አይደለም። ልጆቹ ያጠፉት ነገር የለም፤ እኛ ያልናቸውን ነው የሠሩት። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከወንጂ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ድንች ተክሎ ያደገ ሽማግሌ ሁሉ ለልጁ ያወረሰው አንድ ሕግ አለ፦ ትልቁ ለገበያ፣ መካከለኛው ለጓዳ፣ ድቃቂው ለዘር። እኔ ከአባቴ ሰማሁት፣ ለልጄ ነገርሁት፣ ልጄም ለልጁ ነገረው። የተሳሳተ ሕግ ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ፤ ስንት የተሳሳተ ነገር ይዘን አርጅተናል! ይህኛው ግን ማሳችንን የሚያመነምነውን በሽታ በገዛ እጃችን እያስመረጠ፣ አልጋ ሥር እያስቀመጠ፣ በጥቅምት መልሶ እያስተከለን ነው።

አምና የልጅ ልጄ መቂ አጠገብ መሬት ተከራይቶ ድንች አስገባ። ዘሩ ከእኔ ቤት ነው የሄደው። የፓምፑን ነዳጅም እኔ ነኝ የከፈልሁት። ድንቹ በቅሎ ወር እንደሞላው የታችኞቹ ቅጠሎች ወደ ላይ ይጠቀለሉ ጀመር። ጠርዝ ከጠርዝ ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ቅጠሉ እንደ ጥሬ ቆዳ ይደርቃል። በመስመሩ መካከል ስናልፍ ከሱሪያችን ጋር ሲተሻሽ ይንኮሻኮሻል፤ ለምለም ድንች እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። ተክሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ግን አላድግ አለ። እኔ ምን አልሁ? ውኃ ጠምቶት ነው አልሁ፤ ሌሊቱን ሁሉ ውኃ ሲያጠጡ አደሩ። ቀጥዬ ምች መቶታል አልሁ። አንድ ጎረቤታችን ዓይን ነው አለ፤ እሱንም በልቤ አላራቅሁትም። በመጨረሻ መድኃኒት እርጩ ብዬ አዘዝሁ። ሦስት ጊዜ ረጩ። ሲቆፈር ከሥሩ የወጣው ሎሚ የማያክል ነበር። ልጁ ኪራዩንም የነዳጁንም ዕዳ ይዞ ቀረ። «አባባ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያመጣችው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ናት፤ ከልጅ ልጄ ብዙ የማትበልጥ ልጅ። አንድ የታመመ ቅጠል ቀጥፋ ገለበጠችና «አባባ፣ መነጽርዎን ያድርጉና ይህን ይዩ» አለችኝ። አየሁ። ክሽክሽ።

ክሽክሽን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በአተሩ ላይ እናውቃታለን፣ በጥቅል ጎመኑ ላይ እናውቃታለን፣ በበርበሬው ጫፍ ላይ ተከምራ አይተናታል። ግን ከጠላት ቆጥረናት አናውቅም። አንበጣ ሲመጣ ቆርቆሮ እንመታለን፤ በ2012 ዓ.ም. እንዴት እንደጮኽን ታስታውሳላችሁ። ግሪሳ ሲመጣ ልጆቹን ከነወንጭፋቸው ማማ ላይ እናወጣለን። እነዚያ በጠራራ ፀሐይ መጥተው፣ ዓይናችን እያየ በልተው ይሄዳሉ። ክሽክሽ ግን ከሰናፍጭ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም፤ ቅጠል አትቆርጥም፣ ግንድ አትቦረቡርም። ቅጠሉ ሥር ተለጥፋ እንደ መርፌ በቀጠነ አፏ ጭማቂ ትመጥጣለች። ስትመጥ የሚተርፋትን ጣፋጭ ነገር ታንጠባጥባለች፤ ያን ፍለጋ ጉንዳን ይወጣል። ድንቹ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጡት።

አረባቧ ነው ያስደነገጠኝ። በእኛ ዓይነቱ ሙቀት ወንድ አትፈልግም። እንቁላልም አትጥልም፤ እንደ ላም ትወልዳለች፣ የምትወልዳቸውም ሴቶች ናቸው። ገና በእናቷ ሆድ ያለችው ልጅ የራሷን ልጅ መያዝ ጀምራለች ይላሉ ያጠኗት ሰዎች፤ አያት፣ እናት፣ ልጅ በአንድ ሰውነት። በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ የተወለደችው ደርሳ ትወልዳለች። አንዷ ብቻ ማሳ ውስጥ ብትገባ ወሩ ሳያልቅ የመንደር ሕዝብ ያህል ይሆናሉ። ሲጣበቡና ቅጠሉ ሲጠነክርባቸው ደግሞ ክንፍ ያላቸው ይወለዳሉ፤ ነፋስ ይዟቸው ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳል። ጉዱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ክሽክሿ ባዶ አፏን አትሄድም።

ድንቹን የሚያመነምነው ቫይረስ ነው። ቫይረስ እግር የለውም፣ ክንፍ የለውም፤ በክሽክሿ አፍ ተሳፍሮ ነው የሚዞረው። በሀገራችን ድንች ላይ ተመራማሪዎች ያገኟቸው ብዙ ዓይነት ናቸው፤ በልብስና በእጅ ንክኪ የሚዛመትም አለ። ስለ ሁለቱ ግን ላስረዳችሁ፤ ጠባያቸው ለየቅል ነውና፣ ይህን ለይተን ባለማወቃችን ብዙ ገንዘብ አፍስሰናል።

አንደኛው የልጅ ልጄን ቅጠል የጠቀለለው ነው፤ ሊፍ ሮል ይሉታል፣ ቅጠል ጠቅልል እንበለው። ይህን ለመሸከም ክሽክሿ ረግታ መቀመጥ አለባት። አፏን ወደ ተክሉ ጥልቅ የጭማቂ ሥር ሰድዳ ለሰዓታት ትመጥጣለች፤ ቫይረሱ ሆዷ ገብቶ፣ በሰውነቷ ዞሮ፣ አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ወደ ምራቋ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ትሸከመዋለች። የነካችው ሁሉ ሊታመም ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ክሽክሿ ይህን ቫይረስ ለልጆቿ አታወርስም። ልጆቿ ንጹሕ ሆነው ይወለዳሉ። ለልጁ የሚያወርሰው ድንቹ ነው።

ሁለተኛው ፒ ቪ ዋይ የሚሉት ነው። ይህኛው ቅጠሉን ያዥጎረጉረዋል፣ ያጨማድደዋል፣ አንዳንዱን ዝርያ ደግሞ የታች ቅጠሉን አድርቆ ግንዱ ላይ እንደ ጨርቅ ያንጠለጥለዋል። ይህ መቀመጥ አይፈልግም። ክንፍ ያላት ክሽክሽ አንድ ቅጠል ላይ ስታርፍ የምትወደው መሆኑን ለማወቅ ትቀምሰዋለች። ከየቤቱ ወጥ በጣቷ እየቀመሰች የምታልፍ ሴት አስቡ። ቅምሻው ሴኮንዶች ነው፤ በዚያች ሴኮንድ ቫይረሱ አፏ ጫፍ ላይ ይለጠፋል፣ በሚቀጥለው ቅምሻ ሌላው ተክል ላይ ይራገፋል። ከጥቂት ቅምሻ በኋላ አፏ ይጠራል፤ የሚቆይባት ቢበዛ ጥቂት ሰዓት ነው። ድንቹን ወደደችው አልወደደችው ለውጥ የለውም። የስንዴ ክሽክሽ፣ የአተር ክሽክሽ፣ ድንች ላይ መኖር የማትችል፣ መንገደኛ የሆነች ሁሉ ቀምሳ «ይህስ አይሆነኝም» ብላ ትነሣለች። ተነሥታ የምትሄደዋ ናት የምትጎዳን። የአርሲ ስንዴ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ በላዩ የነበረው ክሽክሽ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?

እንግዲህ ስለ መድኃኒቱ። እኔ «ርጩ» ያልሁት ሰውዬ ልናገር። መድኃኒቱ ክሽክሿን ለመግደል ደቂቃዎች፣ አንዳንዱም ሰዓታት ይፈልጋል። ፒ ቪ ዋይ የሚተላለፈው በሴኮንድ ነው። ከጎረቤት ማሳ ቫይረሱን በአፏ ይዛ የመጣችው ክሽክሽ የተረጨውን ቅጠል ቀምሳ፣ በሽታውን አስቀምጣ፣ ከዚያ ነው የምትሞተው። አንዳንዱ መድኃኒት ጭራሽ ያቅበጠብጣታል፤ በአንድ ተክል ፋንታ አምስት ትቀምሳለች። በቅጠል ጠቅልል ላይ መርጨት መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ያ ረግታ መቀመጥ ይፈልጋልና፣ ማሳው ውስጥ ከተክል ወደ ተክል እንዳትዛወር ይከለክላታል። እሱም ዘሩ ንጹሕ ሲሆን ነው። ዘሩ ታሞ ለገባ ማሳ ማላታይን ብታፈስሱበት ሬሳ ማጠብ ነው። ደግሞም ድንቹ ላይ የምትኖረው አረንጓዴዋ ክሽክሽ በዓለም ላይ መድኃኒት በመልመድ ከታወቁት ተባዮች አንዷ ናት፤ ዛሬ የገደላት ከጥቂት ዓመት በኋላ አይገድላትም። ክሽክሿን እየበላ የሚያግዘንን ነጠብጣብ ያለበትን ቀይ ጥንዚዛ ግን ወዲያው ይፈጀዋል። ልጆቻችን ሸሚዝ አውልቀው፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ ያን መርጫ በጀርባቸው አዝለው ሲውሉ ቆመን ያየንበትን ቀን ሳስብ፣ ድንቹንስ ተዉት እላለሁ።

አሁን ወደ ድቃቂው ልመለስ።

የታመመ ድንች ምን ይወልዳል? ድቃቂ ይወልዳል። ጤነኛው ተክል ከሥሩ አምስት ስድስት ትልልቅና ጥቂት ትንንሽ ያወጣል፤ የታመመው ግን ያለውን ሁሉ ድቃቂ አድርጎ ያወጣል። ቆፍረን አንድ ላይ ክምር ስናደርገው የትኛው ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ከዚያ ትልልቁን ለይተን በኩንታል ሞልተን አዳማ እንልካለን። ከክምሩ የቀረው ድቃቂ አብዛኛው የማን ልጅ ነው? የታመመው። ከጤነኛው ትልቁን ሸጠን፣ ከበሽተኛው ሙሉውን ለዘር አስቀመጥን። በሚቀጥለው ዓመት ከመቶ ዐሥር የነበረው በሽተኛ ሠላሳ ይሆናል፣ ከዚያም ክሽክሿ መጥታ የቀረውን ትጨምርበታለች። በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት ማሳው ሁሉ ያው ነው። ያን ጊዜ ምን እንላለን? «ዘሩ አረጀ» እንላለን። ስንት ጊዜ ብለናል! ነጭ አበባ አረጀ፣ አጋዜር አረጀ፣ መሬቱ ሰለቸው። ዘሩ አላረጀም፤ አስታመምነው እንጂ። ከብት ለማርባት ስንፈልግ ከመንጋው የከሳውንና የሚያስለውን እንመርጣለን? ላም ላይ የማናደርገውን ድንች ላይ ያደረግነው፣ ድንች ሲያስል ስለማይሰማ ይሆናል።

ይህ የእኛ ሞኝነት ብቻ ነው ብላችሁ አትፈሩ። የአውሮፓም ገበሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ላይ ቅጠሉ ሲጠቀለልበት ዘሩ አረጀ፣ ደሙ ቀጠነ እያለ ሲከራከር ኖሯል። ያስተዋሉት ነገር ቢኖር ከስኮትላንድ ቀዝቃዛና ነፋሻ ደጋ የመጣ ዘር ጤነኛ ሆኖ መገኘቱን ነው፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ከዚያ ማስመጣት ጀመሩ። ምክንያቱ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ኦርትቬይን ቦትየስ የተባለ ሆላንዳዊ ቅጠል ጠቅልልን የምታዛምተው ክሽክሽ መሆኗን አሳየ። አንዳንዴ የሚቆጨኝ ነገር አለ። እነዚያው ሆላንዶች ናቸው ወንጂ መጥተው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመሩት። አባቶቻችን ከነሱ ሸንኮራ አተካከል ተማሩ፤ በሀገራቸው ስለ ድንች የደረሱበትን ግን የጠየቀ አልነበረም። በነሱ ሀገር ለዘር የሚሆን ድንች ማሳ በየጊዜው ይመረመራል፤ ክሽክሿ በብዛት መብረር ከመጀመሯ በፊት፣ ድንቹ ገና መፋፋት እየቻለ፣ ቅጠሉን በታወጀለት ቀን ያጠፉታል። ትልቅ ድንች ቢያጡም ንጹሕ ዘር ያገኛሉ።

እኛስ ደጋ የለንም? አለን እንጂ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ነው፣ ዝዋይም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሻሸመኔ ወደ 2,000 ይጠጋል። ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ስትሉ ቆፈሌ 2,600 ያልፋል። እዚያ ብርዱ፣ ነፋሱና ዝናቡ ክሽክሿን አያስበርራትም፤ ኃይለኛ ዝናብ ከቅጠል አርግፎ መሬት ላይ ይደፋታል። ቆላው ድንች ሊያበላ ይችላል፤ ዘር ግን አያቆይም። አባቶቻችን ይህን በስሜት ያውቁት ነበር መሰለኝ፤ ዘር ከላይ እንዲወርድ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ግን መኪናው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሄደው። መቂና ቆቃ ላይ በመስኖ የተመረተ ድቃቂ «የሻሸመኔ ዘር» ተብሎ በደላላ አፍ ይሸጣል፤ ከዚያም ያው ድቃቂ ደጋ ወጥቶ የደጋውን ማሳ ይበክላል። እኔም እንዲህ ያለ ኩንታል ገዝቻለሁ። ሻጩን አልከስም፤ ከረጢቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጉንቁሉን አይቼ ነው የገዛሁት። ጉንቁል ቫይረስ አያሳይም።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ልጅ ሳለን ይህ ሸለቆ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ምን ይመስል ነበር? አቧራ። ግራርና አቧራ። ክሽክሿ የምትመጠው ለምለም ስታጣ ትመናመን ነበር፤ በሰኔ የምትነሣው ከጥቂት ነው። አሁን ከአዋሽ፣ ከቆቃ፣ ከዝዋይ ሐይቅ፣ ከቡልቡላ ወንዝ ፓምፑ ሌት ተቀን ያጓራል። ሽንኩርቱ ሲነሣ ቲማቲም ይገባል፣ ቲማቲሙ ሲያልቅ ጥቅል ጎመን፣ ከጎመኑ ጎን በርበሬ፣ ከበርበሬው ጎን ድንች። በመስኖው አልቆጭም፤ ስንቱን ቤት በቆርቆሮ ያስከደነ ነው። ግን ለክሽክሿ ዓመቱን ሙሉ ማዕድ ዘረጋንላት። የሚሞቀውና ዝናብ የማያገኘው የመስኖ ወቅት ደግሞ ለእሷ ከሁሉ የተመቸ ነው። ፒ ቪ ዋይ በርበሬንም ቲማቲምንም ያማል፤ በርበሬው ተዥጎርጉሮና ተጨማዶ ፍሬ የነሣን ዓመታት ብዙ ናቸው፣ ከፊሉ የዚሁ ዘመድ በሽታ ሥራ ነው። በርበሬን ከድንች አጠገብ መትከል ሁለት በሽተኛ በአንድ አልጋ ማስተኛት ነው። በማሳ ዳር የምንተዋቸው አስተናግርና ጥቁር አውጥም የድንች ዘመድ ናቸው፣ እነሱም ቫይረስ ያስጠልላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ወፍ ዘራሹ ነው፤ ባለፈው ሲቆፈር የተረሳ ድንች በሽንኩርቱ መካከል ብቅ ሲል «ይብቀል፣ ለልጆች እራት ይሆናል» የምንለው። እሱ ነው በሽታውን ከወቅት ወቅት የሚያሻግረው።

ይህን ሁሉ በዕድር ድንኳን ሥር ስናገር አንዱ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ሀብታም ሆነሃል መሰለኝ። ትልቁን ድንች መሬት ውስጥ ልቅበረው? ኪራዩ፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ የሚከፈለው ከትልቁ አይደለም ወይ?» እውነቱን ነው። እኔም እንዲህ እል ነበር። አብዛኛው ገበሬ፣ ከመቶ ከ90 የሚበልጠው፣ ዘሩን ከራሱ ጎተራ፣ ከጎረቤት ወይም ከገበያ ነው የሚያገኘው፤ የተመረመረ ዘር ለሁሉ የሚበቃ የለም፣ ያለውም ውድ ነው። የሆለታ ምርምር ማዕከል የተሻሻሉትን ዝርያዎች፣ ጃለኔን እ.ኤ.አ. በ2002፣ ጉደኔን በ2006፣ በለጠን በ2009 ሲያወጣ፣ ዋናው ፍልሚያ ክረምት ቅጠል ከሚያጠቁረው በሽታ ጋር ነበር። የተሻሻለ ዝርያ ነው ብላችሁ ቫይረስ አይዘውም አትበሉ፤ ድቃቂውን እየመረጣችሁ ከተከላችሁት በለጠም ያንሳል። ማዕከሉ ከተክሉ ጫፍ ቅንጣት ወስዶ በብልቃጥ እያሳደገ ንጹሕ ዘር ያወጣል፤ ያ ከደጋ አምራቾች እጅ አልፎ እኛ ዘንድ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

ለወዳጄ የመለስሁለት ይህን ነው። ትልቁን ቅበር አላልሁህም። ድንቹ ሲያብብ፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ማሳህን ማለዳ ዞረህ እይ። ቅጠሉ የተዘረጋ፣ ያልተዥጎረጎረ፣ ጎረቤቶቹም እንደሱ ጤነኛ የሆኑትን ተክል እየመረጥህ አጠገቡ ችካል ትከል። በሁለት ሳምንት ተመልሰህ እይ፤ ቅጠሉ የተጠቀለለ ካለ ችካሉን ንቀል። ሲቆፈር ችካል ያለባቸውን ብቻቸውን አስቀድመህ ቆፍር፤ ከሥሩ ያወጣው ጥቂትና ድቃቂ ከሆነ እሱንም ተወው። ከቀሩት የዕንቁላል ያህሉን ለዘር ያዝ፤ ትልልቁን ሽጥ። የጤነኛ ተክል ትንሽ ድንች እና የበሽተኛ ተክል ትንሽ ድንች በመልክ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ተክሉ በቆመ ጊዜ ብቻ ነው። እኛ ስንመርጥ የኖርነው ተክሉ ከሞተ በኋላ ነበር። ይህን የችካል ነገር በኬንያ ገበሬዎች ማሳ ሞክረውት፣ ዘር ሳይገዙ፣ ምርታቸው በሲሶ ያህል ጨምሯል። ዋጋው ችካልና የሁለት ማለዳ ጉዞ ነው። በዚህ ዕድሜያችን ሞፈር መያዝ አንችልም፤ ማለዳ ማሳ መዞር ግን ማን ከለከለን? እንዲያውም ከእኛ የሚሻል የለም፤ ልጆቹ ችኩሎች ናቸው።

የታመመውን በጊዜ ንቀሉት፤ በወር ዕድሜው፣ ክሽክሿ ገና ሳትበዛ። ስትነቅሉ በማሳው ላይ አትጎትቱት፤ ክሽክሿን በየመስመሩ እየዘራችሁ ትሄዳላችሁ። በከረጢት ከትታችሁ ከነድንቹ አውጡትና ቅበሩት። በማሳው ዙሪያ ሦስት አራት መስመር በቆሎ ወይም ማሽላ አስቀድማችሁ ዝሩ፤ ክንፋሟ መጀመሪያ ዳር ላይ ታርፋለች፣ በቆሎውን ስትቀምስ ፒ ቪ ዋይ ከአፏ ይራገፋል፣ በቆሎው ደግሞ አይታመምም። ቢጫ ሳህን ውኃ ሞልታችሁ ማሳ ዳር ብታስቀምጡ መምጣቷን ታውቃላችሁ፤ ቢጫ ቀለም ይስባታል። ለዘር የለያችሁትን ማሳ ለገበያው ካላችሁት ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ቅጠሉን እጨዱት።

ስለ አልጋ ሥርም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ማንም አይጠረጥረውም። ጨለማ ውስጥ የተከማቸ ዘር ረጅም፣ ነጭ፣ ለስላሳ ጉንቁል ያወጣል። ክሽክሽ እዚያም ትገባለች። ጉንቁሉ ላይ ተደርድራ ትመጥጣለች፤ ማሳ ውስጥ ልናደርገው የምንፈራውን ሁሉ ቤታችን ውስጥ ትጨርሰዋለች። ባለቤቴ አንድ ቀን ስትጠርግ «ድንቹ ቅማል አፈራ» አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ብርሃን የሚገባበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማይመታው፣ ነፋስ የሚያገኝ የቆጥ መደርደሪያ ሥሩ። ድንቹ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለመብላት አይሆንም፣ ለዘር ግን አጭርና ጠንካራ ጉንቁል ያወጣል። እሱንም እየገለበጣችሁ እዩት።

ይህን ሁሉ አድርገን ክሽክሿን ከሸለቆው አናጠፋትም። ችካሉም ቢሆን በሽታውን ያዘገያል እንጂ አይፈውስም፤ የታመመን ድንች የሚያድን መድኃኒት የለም። ቆላ ላይ ያለን ሰዎች ከጥቂት ወቅት በኋላ ከደጋ ንጹሕ ዘር ማምጣታችን አይቀርም። ስለዚህ በቆፈሌና በአርሲ ደጋ ያላችሁ እኩዮቼ፣ ለእናንተ የምለው ለብቻው ነው፦ ከቆላ የመጣ ድቃቂ ወደ ማሳችሁ አታስገቡ። በርካሽ ቢሰጣችሁም፣ በዝምድና ቢመጣም አትቀበሉ። የእናንተ ማሳ ከተበከለ ከመቂ እስከ አዳማ ያለነው ሁሉ ዘር የምንጠጣበት ምንጭ ደፈረሰ ማለት ነው።

ከአምናው ማሳ የተረፈው ድቃቂ በአንድ ከረጢት አልጋዬ ሥር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አወጣሁትና ባለቤቴን «ቀቅዪው» አልኋት። ቆማ አየችኝ። ዘር አይበላም ተብላ ያደገች ሴት ናት፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እንኳ ለዘር የተቀመጠ ጤፍ ላይ እጇን አላሳረፈችም። በሽታው ሰው እንደማይነካ፣ የሚጎዳው ማሳውን ብቻ እንደሆነ ነገርኋት። እያጉረመረመች ጣደችው። በሚጥሚጣ በላነው፤ ጎረቤትም ጠራን። የልጅ ልጄ ከመቂ መጥቶ ነበር፤ ባዶውን ከረጢት አንሥቶ አራግፎ አየውና «አባባ፣ ታዲያ ለጥቅምት ምን እንተክላለን?» አለኝ። ከደጅ የከመርሁትን የባሕር ዛፍ ችካል አሳየሁት። ሁለት መቶ ነው፤ ጫፉን ራሴ ነኝ የጠረብሁት። ዘሩን ከቆፈሌ ከማውቀው ሰው ግማሽ ኩንታል ለመግዛት ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ ከረጢቱ ሳይጫን ማሳውን ቆሞ ሳለ ሄጄ ላየው ተስማምተናል።